የመቺው ስም

በአሰላም ሆነ በአቦምሳ ሰርግ ሲደገስ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ይዘፍናል?» ብሎ ነው። ድራሙን ማን እንደሚመታ፣ ኪቦርዱን ማን እንደሚይዝ የሚጠይቅ የለም። ዘፋኙ ይሸለማል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ከኋላው ላቡ የሚንጠፈጠፈው መቺ ግን እራቱን በልቶ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ በሌሊት ይመለሳል። ወደ ገጠር ወጣ ሲባል ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአርሲ ባላገር ጭፈራ ምቱ የሁሉም ነው። ጭብጨባው፣ የእግሩ ርግጫ፣ የበትሩ ድምፅ፣ አንገትን የሚያሽከረክረው ውዝዋዜ አንድ ላይ ስለሚሄድ «ይህን የመታሁት እኔ ነኝ» የሚል አይገኝም። ከተሜውም ባላገሩም፣ እያንዳንዱ በራሱ ምክንያት፣ የመቺን ስም አይጠራም።

እንዲህ ባለ አገር ተወልዶ፣ ድምፁን ከፍቶ ሳይዘፍን፣ ኮንጋ የሚባል ከበሮና ብረት እየመታ ስሙን በዓለም ዙሪያ ያስጠራ አንድ ሰው አለን፤ ሙላቱ አስታጥቄ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ልተርክ። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጽፈው በሸክላዎቹ ላይ የታተመው እሱ ስለሆነ ነው።

ሙላቱ የተወለደው ጅማ ነው፤ ዲሴምበር 19 ቀን 1943፣ በእኛ ታኅሣሥ 9 ቀን 1936 ዓ.ም.። በዚያ ጊዜ ዘመናዊ ሙዚቃ የሚባለው ነገር ከወታደር ሰፈርና ከቤተ መንግሥት አልወጣም ነበር። መነሻው ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1924፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ ማስመጣታቸው ነው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ነፊዎች ከሙዚቃ አስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር መጡ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም ኬቮርክ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ደግሞ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገር ዜማ እየወሰደ ለብዙ መሣሪያ ያቀናብር፣ ተጫዋቾችን ያሠለጥን ነበር።

ነርሲስን እዚህ ላይ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሙላቱ በተጻፈ ቁጥር «የኢትዮ ጃዝ አባት» የሚለው ማዕረግ ይከተለዋል። ማዕረጉ ይገባዋል፤ ነገር ግን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝታችንን ከፈረንጅ ስምምነት ጋር ለማገናኘት የሞከረ የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም። ሙላቱ ገና ተማሪ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ነርሲስ በዚሁ ጉዳይ እንቅልፍ ያጣ ነበር።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ቤተሰቡ ሙላቱን ወደ ዌልስ ላከው፤ ሬክሰም ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ሊንዲስፋርን ኮሌጅ። የታሰበለት የአውሮፕላን ምሕንድስና ነበር። ያ ዘመን የአየር መንገድና የአየር ኃይል ዘመን ነውና ልጁ መሐንዲስ ሆኖ እንዲመለስ የማይመኝ ወላጅ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ግን ሙዚቃንም እንደ ሂሳብና እንደ ሳይንስ አንድ የትምህርት ዓይነት አድርጎ ይሰጥ ነበር። ልጁ እዚያ መሣሪያ ነካ፤ መምህራኑም ተሰጥኦው ከምሕንድስና ይልቅ ወደዚህ እንደሚያደላ ነገሩት። ለአንድ የጅማ ልጅ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ አገር ቤት «አዝማሪ» መባል ገና ስድብ በነበረበት ጊዜ፣ ሙዚቃ ዲግሪ የሚያዝበት ሙያ መሆኑን በመምህር አንደበት ሰማ።

ከዚያ ለንደን ገባ። ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማረ። የናይጄሪያው ፌላ ኩቲም በነዚያው ዓመታት በዚያው ትምህርት ቤት ነበር። የለንደን የምሽት ቤቶች በዚያን ጊዜ ከካሪቢያንና ከምዕራብ አፍሪካ በመጡ ሙዚቀኞች የተሞሉ ናቸው። ሙላቱ በትሪኒዳድ ከተወለደው ከኤድሙንዶ ሮስ፣ ከጉያናው ዘፋኝና ከበሮ መቺ ከፍራንክ ሆልደር ጋር ተጫወተ። ሆልደር «አሲዮ ቤሌማ»ን ዘፍኖ ሸክላ ላይ አስቀርጾታል፤ የአገራችንን ዜማ አንድ የጉያና ሰው ለንደን ላይ ሲዘፍነው አስቡት። ሙላቱ ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የኢትዮጵያን ዜማ ከጃዝ ጋር የማዋሃዱ ሐሳብ የተጸነሰው እዚህ ነው። ጋናውያኑም ናይጄሪያውያኑም የየራሳቸውን ምት ይዘው ገበያ ሲወጡ የኢትዮጵያ ዜማ በመካከላቸው አልነበረም።

የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ቦስተን ነው። በ1945 የተቋቋመውና ጃዝን በመደበኛ ትምህርትነት ከሚያስተምሩት ቀዳሚ የሆነው በርክሊ ተቀበለው፤ ከአፍሪካ የመጣ የመጀመሪያ ተማሪ እንደነበረም ይነገርለታል። የበርክሊ መሥራች ሎውረንስ በርክ የጆሴፍ ሺሊንገር ደቀ መዝሙር ነበር፤ ትምህርት ቤቱም መጀመሪያ በሺሊንገር ስም ነበር የሚጠራው። የሺሊንገር ዘዴ ሙዚቃን በቁጥርና በቀመር ማዋቀር ነው። ምሕንድስናን ጥሎ የመጣው ልጅ ምሕንድስናን በሌላ በር አገኛት እላለሁ። የዋና መሣሪያው ምርጫም እዚያው ጸና፤ ቫይብራፎን።

አንባቢዬ መሣሪያውን በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላልና ልግለጸው። ቫይብራፎን እንደ ፒያኖ ቁልፎች የተደረደሩ የብረት ዘንጎች አሉት። በየዘንጉ ሥር ቱቦ ተንጠልጥሏል፤ በቱቦው አፍ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከር ክብ ስስ ብረት አለ። መቺው ጫፉ በክር በተጠቀለለ ዱላ ዘንጉን ሲመታ የቱቦው አፍ እየተከፈተና እየተዘጋ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። በእግር የሚረገጥ ፔዳልም አለው፤ ሲረገጥ ድምፁ ይረዝማል፣ ሲለቀቅ ይቆረጣል። እንግዲህ መሣሪያው ምትም ዜማም ነው። ከኋላ ተቀምጦ ሰዓት ከሚቆጥረው ከበሮ ይልቅ ለመቺ የፊት መስመር የሚያሰጥ ነው። በፈጣን እጅና በአራት ዱላ ብልሃት ከሆነ በዚያው በርክሊ የተማረው ጋሪ በርተን ይበልጠዋል። የሙላቱ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው፤ ጥቂት ይመታና ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ቆሞ ያዳምጠዋል።

ከቦስተን ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። ኒው ዮርክ የፖርቶ ሪኮና የኩባ ሰዎች ኮንጋና ቲምባሌ የሚደበድቡባት ከተማ ነበረች። ሙላቱ በአብዛኛው የፖርቶ ሪኮ ልጆችን ሰብስቦ «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» የሚባል ቡድን አቋቋመ። በ1966 ወርዚ በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል፣ በጊል ስናፐር አዘጋጅነት «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል ሁለት ሸክላ አወጣ። በአንደኛው ላይ የአገራችን የጥንት የጦርነት ፉከራ በስፓኒሽ ቋንቋ ተዘፍኗል። ዛሬ ሲሰማ አንዳንዱ ክፍል ከማንኛውም የዚያ ዘመን የላቲን ሙዚቃ ብዙም አይለይም፤ ኢትዮጵያዊነቱ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሟል። ነገር ግን የሸክላው ልባስ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም የመቺው ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነበር።

በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ አገሩ ገባ።

የተመለሰባት አዲስ አበባ የተማሪ ሰልፍና የምሽት ጭፈራ በአንድ ሳምንት የሚፈራረቁባት ከተማ ነበረች። ሂልተን በ1969 ተከፈተ። በዚያው ዓመት አምሃ እሸቴ የሚባል የሸክላ ነጋዴ ወጣት አንድ ድፍረት ሠራ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሲሆን ማኅበሩ ግን መብቱን እምብዛም አይሠራበትም ነበር። አምሃ አዋጁን ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸና ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ማንም አላሰረውም። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ባለ ሙሉ አልበም ሸክላዎችን አወጣ። የሙላቱ ሥራ ያለ አምሃ ሱቅ አይታሰብም።

ሙላቱ ለጥላሁን ገሠሠ፣ ለምኒልክ ወስናቸው፣ ለሙሉቀን መለሰ አቀናበረ። ብዙ ሰው የሙላቱን ስም የሚያውቀው ዘፋኝ በሌለባቸው ሥራዎቹ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የሚልቀው ሥራው ለሌላ ሰው ድምፅ ያቀናበረው ይመስለኛል። ምክንያቱም ፈተናው እዚያ ይከብዳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ የፈረንጁ ስምምነት የተሠራው ከአሥራ ሁለት ነው። በአንቺ ሆዬ ውስጥ ያለ ቦታዋ አንዲት ባዕድ ድምፅ ብትገባ ቅኝቱ ፈርሶ ሌላ ነገር ይሆናል፤ አድማጩ ምን እንደጎደለ ባያውቅም «አይጥምም» ይላል። የሙላቱ መፍትሔ ትዕግሥት ነበር። ቤዙ አጭር ሐረግ ይይዝና ሳይሰለች ይመላለስባታል። ሳክስፎንና ትራምፔቱ ቅኝቱን ሳይለቁ ይናገራሉ። ባዕዱ ድምፅ ከሥር፣ በኪቦርዱ በኩል፣ ቀስ ብሎ ይገባል። ኮንጋው ከኒው ዮርክ የመጣ ነው፤ ጊታሩ በእግር በሚረገጥ ዋው ዋው ይንጫጫል። መካከሉ ክፍት ነው፤ ዘፋኙ ወይም ሳክስፎኑ እንደልቡ ይተነፍሳል።

ይህን ስጽፍ በዚያው ዘመን በእኛው በአርሲ የነበረው ትዝ ይለኛል። በ1967 በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ «ካዱ» የሚለው፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ዲቃላ ከብት መጣ። የአርሲ ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ጋር ተዳቀለችና የምትወልደው ጥጃ ብዙ ወተት የምትሰጥ ሆነች፤ ግን መኖ ትፈልጋለች፣ በሽታ አትችልም። ሙላቱ የገጠመው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ ዲቃላው ከደጋው ብርድ ጋር ይስማማል ወይ? በካዱ በኩል መልሱ ጥሩም መጥፎም ሆነ። ምርቱ ሲጨምር ባለርስቱ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አፈናቀለ። በሙዚቃው በኩል የተፈናቀለው ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የአዲስ አበባ አድማጭ በመጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ማስታወቂያ እስኪነገር የሚጠበቅበት እንጂ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው አልነበረም። ዛሬም ቢሆን ዘፈን የሌለበትን ሁሉ «ክላሲካል» ብለን ሬዲዮ ላይ ለመርዶና ለዜና መሸጋገሪያ ነው የምንጠቀምበት። ክራርና ማሲንቆን ከፒያኖ ጋር ማስቀመጡም ወግ አጥባቂውን አላስደሰተም። ሙላቱ አልተጣላም፤ አልተወም። በ1972 ኒው ዮርክ ተመልሶ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ቀረጸ። ከስድስት ዓመት በፊት በር ላይ ቆሞ የነበረው ኢትዮጵያዊነት በዚህኛው ሸክላ ዋናውን ወንበር ይዟል። እንደኔ እንደኔ ኢትዮ ጃዝ ሙሉ ሰውነት ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አብረውት የተጫወቱትን መጥራት ግድ ይላል። ሳክስፎንና ዋሽንት ፈቃዱ አምደ መስቀል፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታር አንድሪው ዊልሰን፣ ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ። የስሞቹን ስብጥር ተመልከቱ። የዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ አገሬውም፣ የእንግሊዝና የጣልያን ስም ያለውም በአንድ መድረክ ላይ ላቡን የሚጠርግባት ከተማ ነበረች።

በኖቬምበር 1973 ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት ያዘጋጀው የወዳጅነት ጉዞ ነበር፤ ሰውየው ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ታሟል። የጃዝ ንጉሥ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀበለ። እንግዳውን እንዲያስተናግድ የተመደበው ሙላቱ ነበር፤ የአገሩን መሣሪያዎች አሳየው፣ ያቀናበረውንም አቀረበለት፤ አብረውም መድረክ ላይ ታዩ። ኤሊንግተን ከዚህ ጉዞ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በግንቦት 1974 አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት መስከረም ከዙፋናቸው ወረዱ።

የሙላቱ ትልቁ የአገር ቤት አልበም የወጣው በዚሁ በ1974 ነው፤ ስሙም «የካቲት»። ታክሲ ነጂው፣ መምህሩ፣ ወታደሩ አንድ ላይ የተነሣበት የየካቲት ወር ስም ነው። ቃል የለበትም፤ መፈክር የለበትም። በመሣሪያ ብቻ የተሠራ፣ ስሙን ከአብዮት የተዋሰ አልበም፣ አብዮቱ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ ወጣ። ተስፋውም ስጋቱም በአንድ ላይ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ያለው ለሁሉም የታወቀ ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ቤቶቹ ተዘጉ። አምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደና ማሳተሚያው ተዘጋ። ነርሲስ ናልባንዲያን በ1977 አረፈ። ሸክላ ቀርቶ ካሴት መጣ። በየክፍለ ሀገሩ፣ በየከፍተኛውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተደራጀ፤ አርሲም የድርሻዋን ይዛ ነበር። ኪነት ብዙ የገጠር ልጅ መድረክ ላይ አውጥቷል፤ ይህ ውለታው አይካድም። ሆኖም የሚጨፈረው ለመፈክር ነበር፤ የመሣሪያው ሥራም መፈክሩን መሸከም ሆነ።

ሙላቱ አልተሰደደም። በ1977 የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» የሚለውን ሸክላ ሲቀርጽ ቫይብራፎኑን የመታው እሱ ነው። በዚያ አልበም ውስጥ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ይገኛል። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ድራሙ ላይ ተማረ ሐረጉ፣ ቤዙ ላይ መላከ ገብሬ፣ ሳክስፎኑ ላይ ሞገስ ሀብቴ። ዋልያስ በ1981 ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከፊሎቹ አልተመለሱም። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ሙላቱ አዲስ አበባ ላይ አስተማረ፣ አቀናበረ፣ የሙዚቀኞችን ማኅበር ለማቆም ከሞከሩት ጋር ደከመ። የእነዚህ ዓመታት ድምፁ በሸክላ ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ በተማሪዎቹ እጅ ላይ ግን አለ።

ዓለም ሌላውን በር ከፈተ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ አጋማሽ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ልቡ ተሰረቀ፤ አዲስ አበባ እየተመላለሰ የድሮ ሸክላና የድሮ ባለቤት ፈለገ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ አሳታሚ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ማውጣት ጀመረ። በ1998 የወጣው አራተኛው ክፍል ከ1969 እስከ 1974 ያሉትን የሙላቱን በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ሥራዎች ሰበሰበ። እዚህ አገር «ክላሲካል» ተብሎ የተናቀው ፓሪስና ለንደን ላይ ሰው ተሰልፎ የሚገዛው ሆነ።

በ2004 መጀመሪያ ከማሳቹሴትስ የመጣው ኢዘር ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ላይ ተጫወተ። በረስ ገርሾን የሚመራው ይህ ቡድን የኢትዮጵያን ዜማ ከኢትዮፒክስ ሲዲ እየሰማ ያጠና ነበር። ከሙላቱ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ መድረኮች አብረው ታዩ። የፊልም ሠሪው ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሥራ ከሰማ ዓመታት አልፈውት ነበርና በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ለሚለው ፊልሙ ወሰደው። በፊልሙ ውስጥ ጄፍሪ ራይት የሚጫወተው ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ለቢል መሬይ የጉዞ ሙዚቃ ብሎ ሲዲ ይሰጠዋል፤ ሰውየው መኪና እየነዳ የሚሰማው ሙላቱን ነው። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ አገኘ። ሙላቱ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እሱ ሥራ በዛበት።

የኋለኛውን ዘመን በፍጥነት ልለፈው፤ ክብሩ ብዙ ስለሆነ መዘርዘሩ ያሰለቻል። በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ የራድክሊፍ ተቋም ተመራማሪ ሆነ፤ ስለ ቅዱስ ያሬድ የኦፔራ ሥራ ጀመረ። ከኤም አይ ቲ የቴክኖሎጂ ሰዎች ጋር ክራርን ስለማዘመን ሠራ። በ2009 ከለንደኖቹ ሂሊዮሴንትሪክስ ጋር አልበም አወጣ፤ በ2010 እና በ2013 ሌሎች ተከተሉ። ሙዚቀኞቹ ናስና ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ለራሳቸው ዘፈን መሠረት አደረጉት። በ2012 በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። አዲስ አበባ ላይ ጊዮን ሆቴል ግቢ ውስጥ የጃዝ መንደሩን ከፈተ። በ2025 «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» በሚለው አልበም የድሮ ሥራዎቹን እንደገና ከአገር ባህል መሣሪያዎች ጋር አዋቅሮ አሳተመ።

በእነዚህ ዓመታት በየመድረኩ ሁለት ነገር ደጋግሞ ይናገራል። አንደኛው፣ ካህናቱ በመቋሚያ ማኅሌቱን መምራት የጀመሩት ፈረንጅ ኦርኬስትራ በበትር ከመምራቱ በፊት ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በደቡብ ያሉት ደራሼዎች በቀርከሃ ዋሽንቶቻቸው የሚያወጡት ድምፅ ጃዝ እንደ ትልቅ ግኝት የሚቆጥረውን ቅኝት ቀድሞ ይዞታል የሚል ነው። ማን ማንን ቀደመ የሚለው ክርክር እኔን ብዙ አይማርከኝም፤ መጀመሪያ መሆን ብቻውን ሙዚቃን አያጣፍጥም። ነገር ግን በሰባ ዓመቱ የደራሼን ዋሽንት ለመስማት ጆሮውን የሚዘረጋ የተማረ ሙዚቀኛ ስንት አለን? የአርሲውን የጭብጨባና የበትር ምት እንዲሁ ቁጭ ብሎ በኖታ ያሰፈረው፣ ለኮንጋና ለድራም ያቀናበረው ማን ነው? አሰላ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሥራው ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ተፈናቀለው ሰው ልመለስ። ከካሴት ዘመን በኋላ አንድ ኪቦርድ ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ሳክስፎኑንም መተካት ጀመረ። አንድ ሰው አዝራር ተጭኖ የሚያስመታው ምት ከአምስት ሰው ደመወዝ ይረክሳል። የሰርግ ደጋሽ ሊወቀስበት አይገባም፤ ጤፉ፣ በሬው፣ ድንኳኑ ሁሉ ተወዷል። ግን መቺው መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎም እንጀራውን አጣ። ሙላቱ የዓለም መድረክ ላይ ሲሸለም ከኋላው ድራም ይመቱ የነበሩት፣ ትራምፔት የነፉት ብዙዎቹ በየሰፈሩ ተረስተው አልፈዋል። የእሱ ስም የተረፈው ሸክላው ላይ ስለተጻፈ ነው። የእነሱ የጠፋው ስላልተጻፈ ነው። በችሎታ ብቻ የሆነ ልዩነት አይደለም።

ስለዚህ ለሬዲዮ አዘጋጆች፣ ለስቱዲዮ ባለቤቶች፣ ዘፈን በዩቲዩብ ለምትለቁ ወጣቶች አንድ ልመና አለኝ። የዘፋኙን ስም ስትጽፉ ከሥሩ የድራሙን፣ የቤዙን፣ የኪቦርዱን፣ የማሲንቆውን ሰው ስም ጨምሩ፤ አንድ መስመር ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም። በአሰላ፣ በአቦምሳ፣ በሁሩታ፣ በበቆጂ የድሮ የኪነት ቡድን ወይም የትምህርት ቤት ባንድ ፎቶ ያላችሁም አውጡት። የቆሙትን ሁሉ የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቁና እያንዳንዱ ምን ይመታ እንደነበር ከነስሙ ጀርባው ላይ ጻፉበት።